ሙሌ ሳውንድ ካርድ ሲመርጥ

ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ «ሙሌ ዲጂታል ስቱዲዮ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ሰሌዳውን አምኖ የገባ ሰው የሚያገኘው አንዲት ክፍል ነው። ግማሹ የሙሌ ስቱዲዮ፣ ግማሹ የሚስቱ የየትናየት የሽንኩርት ማከማቻ። ግድግዳው ዙሪያውን የእንቁላል ትሪ ተለጥፎበታል፤ ድምፅ ያፍናል ተብሎ ቱሪስቶች ከሚያርፉባቸው ሆቴሎች እየተለመነ የተሰበሰበ ነው። የባጃጅ ጥሩምባ ግን ትሪውንም፣ ከትሪው ላይ የተጋረደውን ብርድ ልብስም ጥሶ ይገባል። ደንበኛ ይህን አንስቶ ሲያማርር ሙሌ «እሱ ላይቭ ፊሊንግ ነው» ይላል። ስለ ሽንኩርቱ ሲጠይቁት ደግሞ «እኔ ዘንድ የሚቀዳ ዘፋኝ ከልቡ ያለቅሳል» ብሎ ያስቃቸዋል። በራሱ መቀለድን ከማንም ቀድሞ ይጀምራል፤ ሌላ ሰው ከጀመረበት ማብቂያ እንደሌለው ያውቃል።

እንጀራው ግን ሠርግ ነበር። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ አንዳንዴም ኪቦርዱን በበቅሎ አስጭኖ እስከ አምባራስ ድረስ ይጠራል። ሰዉ ኪቦርዱን ኦርጋን ይለዋል፣ እሱንም «ሙሌ ኦርጋን»። ከኦርጋኑ ቁልፎች አንዱ ሲጫኑት የመሰንቆ ድምፅ ያወጣል። ሙሌ ይህን ቁልፍ የሚጫነው ሽማግሌዎች ሲያስገድዱት ብቻ ነው፤ በተጫነው ቁጥርም የሰው ኪስ ውስጥ እጁን የከተተ ይመስል ዙሪያውን ይቃኛል። ምክንያት አለው። አባቱ አያ ውዱ የመሰንቆ ሰው ናቸው።

አያ ውዱ ከዳባት ወጣ ብላ ካለች መንደር ይኖራሉ። ወጣት ሳሉ ጀምሮ ያልተጫወቱበት ዳስ፣ ያላወደሱት ሙሽራ የለም። የመሰንቆ ጨዋታ ደግሞ ብቻውን አይሆንም። አዝማሪው ስንኝ ይጥላል፣ ሌላው ያንን ስንኝ ሳያዛንፍ አንስቶ በዜማ ይመልሰዋል። ያ ሰው ተቀባይ ይባላል። «ተቀበል!» ከተባለ በኋላ ዝም ማለት፣ እንግዳ በር አንኳኩቶ ሳይከፍቱለት እንደ መቅረት ነው። የአያ ውዱ ተቀባይ ሚስታቸው ሸጊቱ ነበሩ። በልጅነቱ ሙሌም ከእናቱ ጎን ቆሞ ይቀበል ነበር። ኋላ ግን በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከባህል ቡድን ገብቶ ኦርጋን የሚሉትን ነገር አየ፣ አበደ፣ ሄደ። ሸጊቱ ከሞቱ በኋላ አያ ውዱ የሚጫወቱት ብቻቸውን ነው፤ ተቀባይ ቢያጡ በሸጊቱ ፋንታ መሰንቆው ራሱ እንዲመልስ እያደረጉ።

ሙሌ ሲሄድ አያ ውዱ አልተቆጡም። አልመረቁትምም። ስለ ኦርጋኑ፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሙሌ ሃያ ዓመት ሙሉ ያችን ቃል ጠበቀ። ስድብም ብትሆን ይቀበላት ነበር። እንዲህ ከሚሆን ገና ያኔ በሽመል ቢሉት ይሻለው ነበር፤ ዱላ ይሽራል።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ የታናሽ እህቱ የሠርካለም ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። ሙሽራው የበየዳ ልጅ ነው፤ ደባርቅ ያስተምራል። የቤተሰብ ምክር ላይ አያ ውዱ ጣቶቻቸውን እያሹ፣ «ለሰው ልጅ ሁሉ ስጫወት ኖሬ ለልጄ አልቀርም። ሠርካለምን በመሰንቆዬ አስወጣታለሁ። ከዚያ ወዲያ ይበቃኛል፤ ጣቴም እሽ አይለኝ» አሉ።

ሙሌ ብድግ አለ። «እኔ እቀዳዎታለሁ አባየ! በፕሮፌሽናል!»

አያ ውዱ ቀና ብለው አዩት። «ደግ» አሉ። ሌላ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ ሙሌ ግን ስለ ማይክ ዓይነት ማስረዳት ጀምሮ ነበርና መልሰው ከደኑት።

ችግሩ የሚቀዳበት ዕቃ ነው። እስከዚያ ዓመት ሙሌ ማይኩን ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ እየሰካ ነበር የሚቀዳው። የሚወጣው ድምፅ፣ የሞላ ወንዝ ማዶ ቆሞ የሚጣራ ሰው ይመስላል። ለሌላው ይበቃ ይሆናል፣ ለአባቱ ግን አይሆንም። ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። ሳውንድ ካርድ ማለት በማይክና በኮምፒውተር መሀል ገብቶ ድምፁን ሳያበላሽ የሚያሻግር ሳጥን ነው። ሙሌ የሚፈልገውንም ያውቀዋል። ሳጥኑ ትንሽ መሆን አለበት፤ የአባቱ መንደር ባጃጅ አይደርስም፣ ከኦርጋኑ ጋር በትከሻ ነው የሚወጣው። መብራት መፈለግ የለበትም፤ የዚያ አካባቢ መብራት ሠርግ ቀን መጥፋት ልማዱ ነው፣ ስለዚህ ከላፕቶፑ ባትሪ የሚሠራ ይሁን። ሁለት ቀዳዳ ይበቃዋል፣ አንዱ ለአባቱ ድምፅ አንዱ ለመሰንቆው፤ አባቱ እስኪነሱ ድረስም ኦርጋኑን በዚያው በኩል ወደ ድምፅ ማጉያው ያሳልፍበታል። ይኸው ነው። ይህን ያህል ያወቀ ሰው ምርጫውን በሳምንት መጨረስ ነበረበት።

ሙሌ ግን ዩቲዩብ ያለው ሰው ነው። የደባርቅ ኢንተርኔት አንዲት አጭር ቪዲዮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ አንድ ፈረንጅ አፉን ከፍቶ በቆመበት ሙሌም አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ፈረንጁ ደግሞ የማያደንቀው ሳጥን የለም። የሙሌ እንግሊዝኛ ከ«አሜዚንግ» ስለማያልፍ፣ ቪዲዮ በጨረሰ ቁጥር ልቡ ይሸፍታል። ሰኞ አንድ ባለሁለት ቀዳዳ ቀይ ሳጥን ሊገዛ ቆረጠ። ረቡዕ፣ ከስልክ ጋር የሚሠራ መዳፍ የምታህል ሌላ አየና ቀዩ ግዙፍ መሰለው። ዓርብ ደግሞ ባለስምንት ቀዳዳ፣ ፊቱ በሙሉ ቁልፍ የሆነ፣ በሁለት እጅ የሚነሣ ጥቁር ሳጥን አየና እንቅልፍ አጣ።

የትናየት ሽንኩርቷን እየለየች፣ «ስምንት ቀዳዳ ለምንህ ነው? አባባ ስንት አፍ አላቸው?» አለችው።

«ለወደፊቱ ነዋ። ኦርኬስትራ ሲመጣ።»

«ኦርኬስትራው የት ሊቀመጥ ነው? ሽንኩርቱ ላይ?»

ጎንደር ዕቃውን የሚያስመጣለት ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባል ወዳጁ ነበር። ሙሌ በየቀኑ ይደውልለታል። ሃብተ ጊዮርጊስ መጀመሪያ በትዕግሥት፣ «ላንተ አንዲት ትንሽ ግራጫ ሳጥን አለች፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ኪስ ትገባለች፣ መብራት አትጠይቅ፣ ጨርሰህ ውሰዳት» ይለው ነበር። ጥቅምት ሲያልቅ ትዕግሥቱም አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ስታገባ እንዲህ ነው የመረጥኸው?»

«ያኔማ እሷ ናት የመረጠችኝ» አለ ሙሌ። እውነቱን ነው። ለእሱ ቢተው ዛሬም እያነጻጸረ ነበር።

በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ከዳባት በኩል ለገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ አህያውን አቁሞ አንገቱን ያስገባ ነበር። «አባትህ ና ብለውሃል። ከሠርጉ በፊት አንድ ሁለት ቀን አብረን እንቀመጥ ብለዋል።» ሙሌ የዳስ እንጨትና የበግ ጉዳይ መሰለውና «እሽ፣ ሳጥኑ ይምጣና» አለ። በሳምንቱ ሌላ ሰው መጣ፤ «እሽ፣ ሳጥኑ ይምጣና» አለ። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ ለአባቱ ብሎ ሳጥን እየመረጠ አባቱን ሳያይ ኅዳር ገባ።

በኅዳር አጋማሽ ከአንድ የዳባት ፎቶ ቤት የተዋሰውን ርካሽ ሳውንድ ካርድ ይዞ ለሙከራ ወደ አባቱ ቤት ወጣ። አያ ውዱ ሲያዩት ፊታቸው በራ። መሰንቆውን ከግድግዳው ላይ አውርደው፣ ጭራውን ዕጣን አስነክተው፣ መደቡ ላይ ተመቻቹ። ሙሌ ማይኩን አቆመ፣ ላፕቶፑን ከፈተ፣ ከሻሻቸው ላይ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀላቸው።

«ይኸ ለብርዱ ነው?»

«የራስዎን ድምፅ የሚሰሙበት ነው አባየ። ይጫወቱ።»

አያ ውዱ ደጋኑን ሳቡ።

«ዳባት ላይ ብጫወት…» አሉና ቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ፊታቸው ላይ ሙሌ ለብዙ ዓመት ያላየው ነገር መጣ። «…ደባርቅ ያዳምጣል፣» ቀጠሉ፣ ቆሙ፣ አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጉሮሮ ካልራሰ…» ቆሙ። «…ድምፅ ከየት ይመጣል።» እንደገና ቆሙ።

ሙሌ የላፕቶፑን ስክሪን እያየ ግራ ገባው። «አባየ፣ ምነው ይቆማሉ? ዝም ብለው ይልቀቁት።»

«እንዴት እለቀዋለሁ? እስኪቀበለኝ ልጠብቀው እንጂ። ደግ ተቀባይ ነው፤ ቃል አይጥል። የማን ልጅ ነው?»

«ማን?»

«ይኸ ከውስጥ ሁኖ የሚቀበለኝ።»

ሙሌ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ሳጥኑ ርካሽ፣ ላፕቶፑ ያረጀ፤ ድምፁ ገብቶ ዞሮ እስኪወጣ ይዘገያል። አባቱ የራሳቸውን ድምፅ ነበር ቆመው የሚጠብቁት።

«እርስዎ ነዎት አባየ። የራስዎ ድምፅ ዘግይቶ ሲመለስ ነው።»

አያ ውዱ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ። አገላብጠው አዩት። «ራሴን ነዋ የምቀበለው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ሳቅ ብለው፣ «እናትህ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ልብ ብሎ የተቀበለኝ የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉት።

ሌላ ልጅ ቢሆን ያንን ሳጥን ወዲያ ብሎ፣ አባቱ ጎን ተቀምጦ፣ የወደቀችውን ስንኝ ያነሣት ነበር። ሙሌ የተናገረው ግን ይህን ነው፦ «አይዞዎት አባየ፣ መዘግየቱን አጠፋልዎታለሁ።»

አጠፋውም። በማግስቱ ለሃብተ ጊዮርጊስ ደውሎ፣ ዘፋኙ ድምፁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይዞር በቀጥታ የሚሰማበት ማብሪያ ያለው ሳጥን ጠየቀ። ሃብተ ጊዮርጊስ ያችኑ ትንሽ ግራጫ ሳጥን ላከለት። «ይችን እኮ በመስከረም ነግሬህ ነበር» ሲለው ሙሌ፣ «በመስከረም ጥናት አላደረግሁም ነበር» ብሎ መለሰ። ሳጥኗ ግን ለክፉ አትሰጥም። ኪስ ትገባለች። መብራት አትጠይቅም። ድምፅ ሲገባባት ትንሽ መብራቷ አረንጓዴ፣ ድምፁ ሲበረታ ቢጫ፣ ሲያልፍ ቀይ ትሆናለች። ሙሌ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያሳያታል። አንዲት ሽንኩርት ልትገዛ የመጣች ሴት ስለ ሳጥኗ ብዙ ተብራርቶላት ሽንኩርቱን ሳትገዛ ሄዳለች።

ጥር ደረሰ። የአያ ውዱ ግቢ በባሕር ዛፍ እንጨትና በሸራ ዳስ ሆነ። የበየዳ ሚዜዎች ሽለላቸውን እያሰሙ ገቡ። ሙሌ ዳሱ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ኦርጋኑን፣ ላፕቶፑን፣ ሳጥኗን ደርድሮ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። መጀመሪያ በኦርጋን አስጨፈረ። ወጣቱ ወደደለት። አንድ ሽማግሌ «የመሰንቆዋን!» ብለው ሲያስገድዱት የታወቀችውን ቁልፍ ተጫነ፤ ወዲያው መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ አጓርቶ ሞተ። ኦርጋኑም ሞተ።

«እሰይ!» አለ አንድ ሰው ከዳሱ ጀርባ። ድምፁን ሁሉም ሰማው።

ሙሌ ግን አላፈረም። ሳጥኗን አየ። አረንጓዴ መብራቷ እንደ በራች ነው! የላፕቶፑን ባትሪ እየጠባች፣ ማንንም ሳትለምን። ተነሥቶ ለሠርገኛው ስለ ባትሪ ንግግር ማድረግ ሁሉ ቃጥቶት ነበር። የወራት ምርጫው ትክክል ነበር፤ ከእንግዲህ የአባቱን ድምፅ የሚነካው ነገር የለም። ማዳመጫውን ከአንገቱ አንሥቶ ጆሮው ላይ ደፈነ።

አያ ውዱ ተነሡ። ዳሱ ጸጥ አለ። ለሠርካለም ተጫወቱላት፤ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሙሽራዋም ኩሏ ወረደ። ለሙሽራው ቤተሰብ ተጫወቱ፤ የበየዳ ሰዎች ዘለሉ። ጣታቸው አልከዳቸውም። ሙሌ ይህን ሁሉ አላየም ማለት ይቻላል። ዓይኑ መብራቷ ላይ ነው፤ በማዳመጫው የሚከታተለውም ድምፁን እንጂ ቃሉን አይደለም። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ቢጫ። ማይኩን ትንሽ መለስ፣ ቁልፉን ትንሽ ዝቅ። እጁ እንደ ሐኪም እጅ ተጠንቅቆ ይሠራል።

በመሀል አያ ውዱ መሰንቆውን እየመቱ ወደ እሱ ጠረጴዛ ተጠጉ። ማይኩ ፊት ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። መብራቷ ቀይ ሆነች። ሙሌ ደነገጠና ቁልፉን ፈጥኖ ዝቅ አደረገ፤ ቀዩ ጠፋ፣ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ተነፈሰ። ቀና ሲል ሠርገኛው ሁሉ ዝም ብሎ እሱን ያያል። ሳጥኗን የሚያደንቁ መሰለው። አባቱም ደጋናቸውን አንሥተው፣ ቆመው ያዩታል። ሙሌ አውራ ጣቱን ቀስሮ ፈገግ አለላቸው፤ የሆነ ነገርም ተናገረ። አያ ውዱ ዞር ብለው ስለ ጠላው ጌሾ የሚያስቅ ስንኝ ጣሉ፣ ዳሱም ሳቀ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ሲጨርሱ ቤት ገብተው መሰንቆውን ግድግዳው ላይ ካለው የበሬ ቀንድ ላይ ሰቀሉት።

ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ሙሌ ስቱዲዮው ውስጥ ቅጂውን ማጣራት ጀመረ። የትናየት ከወዲያ በኩል ሽንኩርት ትለያለች። ቅጂው ጉድ ነው። የጭራው ፍትጊያ፣ የአባቱ ትንፋሽ፣ ሁሉም አለ። ሙሌ ደረቱ ተነፋ።

«ስሚ ይኸን ጥራት! የደጋኑ መሄድ ሳይቀር እኮ ይሰማል! መስከረም ላይ ቸኩዬ ብገዛ ኖሮ ይኸ ሁሉ የለም።»

የትናየት እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆሟል። «ቆይ መልሰው» አለች። «እዚህ ጋ አባባ አንተን ነው የሚጠሩት።»

ሙሌ መለሰው። የአባቱ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ጎኑ የቆሙ ያህል ቀርቦ መጣ።

«ተቀበል ሙሌ! ተቀበል ልጄ!

ልጄ ትቶኝ ሄደ ብዬ አላማሁትም፣
ጣቱ የኔ ጣት ነው የትም ቢጫወትም።»

ከዚያ ዝምታ። ዳሱን የሞላው ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ይሰማል። ከሩቅ አንድ ሕፃን ሳለ። ቀጥሎ አንድ ሰው፣ ኮራ ባለ የባለሙያ ድምፅ፣ እንዲህ አለ፦ «ጥሩ ነው አባየ፣ ሌቭሉ ተስተካክሏል፣ ይቀጥሉ።»

«ይኸ ማነው?» አለች የትናየት፤ ማን እንደሆነ እያወቀች።

ሙሌ ሃያ ዓመት የጠበቃት ቃል በሰው ፊት፣ በዜማ፣ በስሙ ተጠርቶ ተሰጥቶታል። እሱ ቁልፍ ዝቅ አድርጎባታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሙሌ ጆሮ ግን ባዳ እንዳይሆን በማዳመጫ ጭምር ታግዞ ነበር። በገበያተኛው ሁሉ ይላክበት የነበረው «ና አብረን እንቀመጥ» ስለ ዳስ እንጨት እንዳልነበረም አሁን ገባው። እንዲለማመድ ነበር። አባቱ ለመጨረሻ ጨዋታቸው ተቀባይ እየለመኑ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሳጥን ይመርጣል። ማልቀስ ፈለገ፤ ሽንኩርቱ አጠገቡ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም ብሎ አሰበ፣ በዚህ ሰዓት እንዲህ ማሰቡ ደግሞ የባሰ አሳፈረው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ዝምታዋ ስንኝ ለመቀበል የምትበቃ ነች። አሁን ማይኩን ሰክቶ፣ ስንኟን ተቀብሎ፣ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ቢከታት፣ ያንን «ሌቭሉ ተስተካክሏል» ቢቆርጠው፣ ማን ያውቃል? ለልጅ ልጅ የሚቀረው ቅጂ ሙሉ ይሆናል። ማዳመጫውን አጠለቀ። ሳጥኗ ላይ ማይክ ሰካ። ጉሮሮውን ጠረገ። አረንጓዴዋ በራች።

የትናየት ቀና ብላ አየችው። «አሁን የምትቀበለው ማንን ነው? ላፕቶፑን?»

ሙሌ ማዳመጫውን አወለቀ። ኮቱን አንሥቶ ወደ መናኸሪያው ወጣና በዳባት ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ሰበብ ሲያዘጋጅ ነው የሄደው። አንዱ ሰበብ መብራት መጥፋቱ ነበር። ሌላው የሰው ጫጫታ። ስለ ሌቭል ደግሞ ረዘም ያለ ማብራሪያ አሰናድቶ ነበር፤ የአባቱን ግቢ ሲያይ አንዱም ከአፉ አልወጣ አለ።

አያ ውዱ ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጣቶቻቸውን ቅቤ ያሻሉ። እጁን ባዶ አድርጎ ሲመጣ አዩትና፣ «ምነው፣ ዕቃህ የት ጠፋ?» አሉት።

«ትቼው መጣሁ።» ሙሌ ፊት ለፊታቸው ቆመ። «አባየ፣ ሠርጉ ላይ ጠርተውኝ ነበር።»

«ጠርቼህ ነበር።»

«አልሰማሁም።»

«ጆሮህን በሁለት ክዳን ደፍነህ ምኑን ትሰማ።» ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

ሙሌ ኮቱን ቆለፈ። ከዚያ መልሶ ፈታው። እጁን የት እንደሚያስቀምጥ አላወቀም፤ ኦርጋን የሌለበት እጅ ለካ እንዲህ ረጅም ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

«ልጄ ትቶኝ ሄደ ብዬ አላማሁትም…»

በጣም ከፍ አድርጎ ነበር የጀመረው። «አላማሁትም» ላይ ሲደርስ የሚወጣበት ቦታ አጥቶ ድምፁ ተሰነጠቀ። ጓሮ ያለችው ዶሮ ጫጩቶቿን ሰብስባ ወደ አጥሩ ነዳቻቸው። ጎረቤታቸው በለጠች ምን ተፈጠረ ብላ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አሰገገች። ሙሌ ሁሉንም አየ፤ ቢያቋርጥ ግን ዳግመኛ እንደማይጀምረው ስላወቀ፣ ሁለተኛዋን ስንኝ እየተንገዳገደ፣ ዜማውን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየሳተ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ተቀበላት። ጣቱ የኔ ጣት ነው፣ የትም ቢጫወትም። ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ነበር።

አያ ውዱ እስኪጨርስ ድረስ አላቋረጡትም። ከዚያ ሳቃቸው ከሆዳቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ድምፅህ ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው አባየ።»

«ደግ አደረግህ» አሉት፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ደግ አደረግህ ልጄ፣ ኦርጋን ያዝህ።»

መደቡ ላይ ፈቀቅ ብለውም ቦታ ለቀቁለት።